ስለ ፈተና ውጤት፤ ማርክ ከየት እንደሚመጣ

በሀዲያና በከምባታ ላሉ የመንደር ትምህርት ቤቶች፥ ለወላጆችና ለመምህራን የተዘጋጀ ንግግር

በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ በሆሣዕናና በዱራሜ፥ በሾኔና በጊምቢቹ፥ በአንጋጫና በሺንሺቾ፥ በዙሪያቸውም ባሉት መንደሮች የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች ለክልሉ ፈተና ይቀመጣሉ። ውጤቱም በክረምቱ ውስጥ ይነገራል። ያን ጊዜ ማርኩ ዝቅ ያለበት ልጅ ባለበት ቤት ሁሉ ሦስት ዓይነት ንግግር ይሰማል። አባት፥ መምህሩ አላስተማረም ይላል። መምህሩም፥ ወላጁ ልጁን ከብት ሲያስጠብቅና ገበያ ሲልክ ከረመ እንጂ ትምህርት ቤት አላዋለውም ይላል። ልጁ ደግሞ፥ ፈተናው ካልተማርነው መጣብን ይላል። ከሦስቱ ንግግሮች በእያንዳንዱ ጥቂት እውነት ይገኝበታል። ነገር ግን ሦስቱም የሚመለከቱት የፈተናውን ዓመት ብቻ ስለ ሆነ የነገሩን ሥር አያገኙትም።

የ8ኛ ክፍል ማርክ የሚሠራው በ8ኛ ክፍል አይደለም። አብዛኛው የሚሠራው ልጁ የመጀመሪያውን መጽሐፍ በእጁ በያዘበት ጊዜ፥ በ1ኛና በ2ኛ ክፍል ነው። ይህን ነገር የሀዲያና የከምባታ ሰው ከማንም ይልቅ ቶሎ ያስተውለዋል፤ የእንሰት አገር ሰው ነውና። እንሰት የሚተክል ሰው ቆጮውን በዓመቱ አይጠብቅም። ችግኙን ከቦታ ወደ ቦታ እያዛወረ፥ በፍግም እያሳደገ ብዙ ዓመት ይቈያል። በሚፋቅበትም ቀን ግንዱ ቀጭን ሆኖ ቢገኝ ጥፋቱን በፋቂዋ ሴት ላይ የሚያደርግ የለም፤ ችግኝ ሳለ ፍግ ማጣቱን ሁሉም ያውቃል። የልጅም ትምህርት እንዲሁ ነው።

ፈተና ሚዛን ስለ መሆኑ

ፈተና ሚዛን ነው። ስንዴውን ወደ ሆሣዕና ገበያ አምጥቶ ያስመዘነ ገበሬ ጆንያው ቀሎ ቢገኝበት፥ ሚዛኑን ቢሰድበው ስንዴው አይጨምርለትም። ሚዛኑን የሚያጣምም ሰው አግኝቶ አሥር ኪሎ ቢያስጨምር እንኳ ለዚያ ቀን ገንዘብ ያገኝ ይሆናል እንጂ በጎተራው ያለው እህል ያው ነው። እንግዲህ ሚዛን እህል አያበዛም፥ አያሳንስም፤ ያለውን ይናገራል። ነገር ግን ሚዛን የሚጠቅመው የሚናገረውን ማንበብ ለሚያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ ማርክን እንዴት ማንበብ እንደሚገባ አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል።

ብዙ ወላጅ፥ ከ100 ጥያቄ 40 ያገኘ ልጅ ከ100ው 40ውን ያወቀ ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ አራት ምርጫ ከተሰጠ፥ ጥያቄውን ማንበብ የማይችል ልጅ እንኳ ዓይኑን ጨፍኖ ቢያጠቍር ከአራቱ አንዱ ይቃናለታልና ከ100ው ወደ 25 ያገኛል። እንግዲህ 25 ማለት ባዶ ማለት ነው። 20 ጥያቄ ብቻ በእውነት ያወቀ ልጅ የቀሩትን 80 በግምት ቢሞላቸው ከእነርሱ 20 ያህሉ ይቃኑለታል፤ ማርኩም 40 ይሆናል። 50 ያገኘው ልጅ በእውነት ያወቀው 33 ያህሉን ነው። ስለዚህ ልጁ 40 ይዞ የመጣለት አባት፥ ጥቂት ቀረው ብሎ ሊጽናና አይገባውም፤ ብዙ ቀርቶታል።

የአንድ ትምህርት ቤት አማካይ ማርክም እንዲሁ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል። ደካሞቹ ልጆች ከ8ኛ ክፍል ሳይደርሱ ትምህርታቸውን ቢተዉ ለፈተና የሚቀመጡት ብርቱዎቹ ብቻ ይሆናሉ፤ ማንም አንዲት ቃል ሳይጨምር የትምህርት ቤቱ አማካይ ከፍ ይላል። ስለዚህ አንድ ቀበሌ ስለ ትምህርት ቤቱ በሚነጋገርበት ጊዜ፥ ስንቱ አለፈ ከማለቱ በፊት፥ በ1ኛ ክፍል ከተመዘገቡት ልጆች ስንቱ ለፈተና ደረሰ ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። በተለይም የሴቶች ልጆች ቍጥር ከክፍል ወደ ክፍል እየቀነሰ መሄዱን ያን ጊዜ ያየዋል።

አገሪቱ በሙሉ ስለ ተመዘነችበት ጊዜ

በኢትዮጵያ የ4ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች ዕውቀት በአገር አቀፍ ምዘና መጀመሪያ የታየው በ1992 ዓ. ም. ነው። በዚያ ጊዜ የ4ኛ ክፍል ልጆች አማካይ ማርክ ከ100 ወደ 48 ነበረ። በ1996 ዓ. ም. በተደገመ ጊዜም ከዚያው ገደማ ሆነ። በ2000 ዓ. ም. ገደማ በተደረገው በሦስተኛው ምዘና ግን ወደ 41 ወረደ። ስለ ግምት ከላይ የተነገረውን ያስተዋለ ሰው እነዚህ ቍጥሮች ምን ያህል ዝቅተኞች እንደ ሆኑ ይረዳል።

ሆኖም ለዚህ መውረድ አንድ ደግ ምክንያት እንደ ነበረው መዘንጋት አይገባም። በ1986 ዓ. ም. የትምህርት ፖሊሲው በወጣበት ዘመን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነበሩት ልጆች በመላው አገር ወደ 3 ሚሊዮን ብቻ ነበሩ። በ2000 ዓ. ም. ግን ከ15 ሚሊዮን በላይ ሆኑ። ቀድሞ ከሚዛን ውጭ የነበሩት የእረኛው፥ የድኻው፥ የሩቅ መንደሩ ልጅ ሁሉ ወደ ክፍል ገቡ። መምህሩና መጽሐፉ ግን በዚያው ልክ አልበዙም። ስለዚህ በሩ መከፈቱ ደግ ሥራ ሆኖ ሳለ፥ ከገቡ በኋላ ማንበብ ማስቻሉ ወደ ኋላ ቀረ።

ይህም ዕዳ ከጊዜ በኋላ በ12ኛ ክፍል ተገለጠ። በ2008 ዓ. ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከቀኑ በፊት ሾልኮ ስለ ወጣ ተሰርዞ ሌላ ፈተና መስጠት አስፈልጎ ነበር። ከዚያም በኋላ የመኮረጅ ወሬ ስላልቀረ፥ የ2014 ዓ. ም. ተፈታኞች በ2015 ዓ. ም. መጀመሪያ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተወስደው፥ በዚያው እያደሩ እንዲፈተኑ ተደረገ። ውጤቱ በተነገረ ጊዜ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆነው ተገኙ፤ ይኸውም ከ100 ተማሪ 3 ያህል ነው። በተከታዩም ዓመት ከ845,099 ተማሪዎች ያለፉት 27,267 ነበሩ፤ ከ3,106 ትምህርት ቤቶችም 1,328ቱ አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። በ2016 ዓ. ም. ያለፉት ከ100 ወደ 5፥ በ2017 ዓ. ም. ደግሞ ከ100 ወደ 8 ሆኑ።

ያን ጊዜ ብዙ ሰው ተደናግጦ፥ ልጆቹ በአንድ ዓመት ደነዘዙን ብሎ ጠየቀ። አልደነዘዙም። የተለወጠው ሚዛኑ ነው እንጂ እህሉ አይደለም። ጣት በሚዛኑ ላይ ተጭኖ ሳለ የከበደ ይመስል የነበረው ጆንያ፥ ጣቱ በተነሣ ጊዜ እውነተኛ ክብደቱ ታየ።

ጕድለቱ ስለሚዠምርበት ክፍል

ይህ ሁሉ አስቀድሞ ያልታወቀ ነገር አልነበረም። በ2002 ዓ. ም. በ338 ትምህርት ቤቶች የሚማሩ 13,079 የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች አንድ በአንድ እየተጠሩ፥ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተጻፈ አጭር ታሪክ እንዲያነቡ ተደርገው ነበር። ከ2ኛ ክፍል ልጆች ከ100ው 34 ያህሉ ከታሪኩ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከ3ኛ ክፍል ልጆችም ከ100ው 20 ያህሉ እንዲሁ ሆኑ። በ2014 እና በ2015 ዓ. ም. በ12ኛ ክፍል የወደቁት ልጆች ለእነዚህ ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች ናቸው። እንግዲህ ማርኩ ከአሥር ዓመት በፊት በአንዲት ገጽ ላይ ተነብቦ ነበር ማለት ነው።

ንባብ ከሌሎች ትምህርቶች ሁሉ የሚቀድምበት ምክንያት ግልጥ ነው። ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ማንበብን ይማራል፤ ከዚያ በኋላ ግን በማንበብ ሌላውን ይማራል። የሒሳብም ጥያቄ ቢሆን የሚቀርበው በጽሕፈት ነው። ደግሞም ማንበብ ማለት ፊደል መለየት ብቻ አይደለም። ቃሉን ፊደል በፊደል እየጎተተ የሚያነብ ልጅ ዐረፍተ ነገሩን በሚጨርስበት ጊዜ መጀመሪያውን ይረሳዋል፤ ዓይኑ አነበበ እንጂ አሳቡ አላነበበም። እንዲህ ያለው ልጅ መልሱን ቢያውቅ እንኳ ጥያቄውን ሳይረዳ ሰዓቱ ያልቅበታል።

በሀዲያና በከምባታ ልጅ ላይ ስላለው ልዩ ሸክም

የሀዲያና የከምባታ ልጅ ደግሞ ከዚህ በላይ የሚሸከመው አለ። በቤቱ የሚናገረው ሀዲይሳ ወይም ከምባቲሳ ነው። ከ1986ቱ ፖሊሲ ወዲህ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲማር ተደረገ፤ ይህም መልካም ነገር ነው፤ የማያውቀውን ፊደል ከማያውቀው ቋንቋ ጋራ በአንድ ጊዜ ከመሸከም አድኖታልና። እነዚህ ቋንቋዎች ዛሬ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። በዚህ አጻጻፍ የረዘመው ድምፅና የጠበቀው ድምፅ ፊደሉን በመድገም ይታወቃሉ። አማርኛን ሲማር ግን ልጁ ሌላ ፊደል ያገኛል፤ ይኸውም 33ቱ ፊደላት ከሰባት ሰባት ድምፃቸው ጋራ 231 ሆነው ነው፤ መጥበቅና መላላትም በጽሕፈቱ አይታይም። እንግሊዝኛ በሚማርበት ጊዜ ወደ ላቲኑ ፊደል ይመለሳል፤ ነገር ግን እንግሊዞች እንደሚጽፉት አያነቡምና ፊደሉ በሀዲይሳ የሚሰጠውን ድምፅ በዚያ አይሰጥም። በቀድሞው የደቡብ ክልል ለብዙ ዓመታት ልጆች ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉን ትምህርት በእንግሊዝኛ ይማሩ ነበር። እንግዲህ በአፍ መፍቻው ቋንቋ ማንበብ ሳይጸናለት 5ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ፥ መሠረቱ ባልደረቀ ቤት ላይ ሁለተኛ ፎቅ እንደ ተጫነበት ያለ ነው።

በዚህ አገር ያሉ አያቶችና እናቶች ልጁን ለመርዳት የሚቸገሩበትም ምክንያት ከዚሁ ጋራ የተያያዘ ነው። በ1971 ዓ. ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተዠመረ ጊዜ ትምህርቱ በኋላ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ ሀዲይኛና ከምባትኛም ከእነርሱ ውስጥ ነበሩ። በዚያ ዘመቻ ብዙ ገበሬዎችና ባልቴቶች በገዛ ቋንቋቸው ማንበብን ተማሩ። ነገር ግን የተማሩት በግእዝ ፊደል ነበር። የልጅ ልጃቸው መጽሐፍ ግን በላቲን የተጻፈ ነውና፥ ቃሉን በጆሮ የሚያውቁት ሆኖ ሳለ በዓይን አያነቡትም። ስለዚህ አያት ከልጅ ልጇ መጽሐፍ ፊት ስትቀመጥ እንዳልተማረች ሆና ራሷን ትቈጥራለች፤ ትምህርቱንም ለመምህሩ ብቻ ትተወዋለች።

ከ2005 ዓ. ም. ገደማ ጀምሮ በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ በ7 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አዲስ የንባብ መጽሐፍ ተዘጋጅቶ ነበር። ሀዲይሳ ከሰባቱ አንዱ ሆነ፤ ከምባቲሳ ግን አልነበረበትም። መጽሐፉ ድምፅን ከፊደል፥ ፊደልን ከቃል፥ ቃልን ከታሪክ እያያያዘ እንዲያስተምር የተሠራ ነው። ነገር ግን መጽሐፍ ያለ አንባቢ ወረቀት ብቻ ነው። ልጁ በየቀኑ ድምፁን አሰምቶ የሚያነብበት ጊዜና የሚሰማው ሰው ካላገኘ ደኅና መጽሐፍም ብቻውን አያነብለትም።

የቀድሞ መምህራን ስላገኙት ጥበብ

በቃል መያዝንና ማንበብን መለየት ዛሬ የተገኘ ጥበብ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ልጅ በመጀመሪያ ሀ ሁ ሂ ሃ እያለ ፊደሉን በተራው ይቈጥራል። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ተራው በጆሮው ገብቶ እንደ ዜማ ይወርድለታል፤ ገበታውን ሳያይም ይለዋል። የኔታም ይህን ስለሚያውቁ ያን ጊዜ አቡጊዳን ይሰጡታል። አ ቡ ጊ ዳ ተብሎ ተራው ስለሚፈርስ፥ የፊደሉን መልክ ያላወቀ ልጅ በዚያ ይያዛል። ከዚያም ወደ መልእክተ ዮሐንስ ይሄዳል፤ በቍጥር ንባብ እያንዳንዱን ፊደል ይጠራል፤ ቀስ በቀስም ወደ ውርድ ንባብና ወደ ቁም ንባብ፥ በመጨረሻም ወደ ዳዊት ይደርሳል። ያለፈውን ያላወቀ ልጅ የሚመጣውን አይቀበልም። ፈተናው በዓመት አንድ ጊዜ አይደለም፤ በየቀኑ ነው፤ እያንዳንዱ ልጅም ብቻውን ቀርቦ በየኔታ ፊት ያነባል።

በዚያ ትምህርት ቤት የነበረው ጕድለት ሌላ ነው፤ ብዙ ልጅ የሚያነበውን የግእዝ ቃል ትርጓሜ ሳያውቅ ይቀር ነበር። ነገር ግን ተራን አፍርሶ መፈተንና ልጅን አንድ በአንድ መስማት፥ ማናቸውም የመንደር ትምህርት ቤት ያለ ገንዘብ ሊወርሰው የሚችል ሀብት ነው።

ይህን መርሳት በሌላውም አገር ጕዳት አድርሷል። በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1862 ሕግ ወጥቶ፥ ለትምህርት ቤት የሚሰጠው ገንዘብ ልጆቹ በንባብ፥ በጽሕፈትና በሒሳብ በሚያገኙት የፈተና ውጤት እንዲለካ ተደረገ። አሳቡ መምህራንን ለማትጋት ነበር። መምህራኑ ግን ገንዘቡ እንዳይቀርባቸው ልጆቹ የሚፈተኑበትን መጽሐፍ በቃል እንዲይዙት አደረጉ። በዚያ ዘመን የትምህርት ቤቶች ተመልካች የነበረው ባለቅኔው ማቲው አርኖልድ፥ ልጆቹ በእውነት ማንበብ ሳይችሉ የንባብን ፈተና ማለፍ እንደሚቻላቸው ለመንግሥቱ አስታወቀ። ሕጉም ከሠላሳ ዓመት በኋላ ገደማ እየላላ ሄዶ ቀረ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፥ ማርክ ብቻውን የሚፈለግ ነገር በሆነ ጊዜ ማርኩ ይገኛል፥ ዕውቀቱ ግን ይቀራል የሚል ነው።

ስለ አንድ አባትና ስለ አንድ መምህር

ይህን ነገር ለማስረዳት በብዙ መንደር ሊሆን የሚችል አንድ ምሳሌ ይነገር።

አንድ ገበሬ የ8ኛ ክፍል ፈተና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወደ ትምህርት ቤት ሄደ። የ2ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ታናሽ ልጁም አብራው ነበረች። ከመምህሩ ጋራ ሰላምታ ከተሰጣጡ በኋላ እንዲህ አለ።

«መምህር፥ ልጄ ዘንድሮ ይፈተናል። በጐበዝ ልጅ አጠገብ እንዲቀመጥ ቢያደርጉልኝ ውለታዎን አልረሳም። ካላለፈ በሬዬን ሸጬ ወንድሙ ወደ ሄደበት ወደ ደቡብ አፍሪካ እሰደዋለሁ።»

መምህሩም ወዲያው አልመለሰለትም። ልጅቱን ጠርቶ፥ «ነይ ልጄ፥ መጽሐፍሽን አውጪና አንብቢልኝ» አላት። ልጅቱ የመጀመሪያውን ገጽ ገልጣ ሳትሰናከል አወረደችው። አባቷም ደስ አለው። መምህሩ ግን ገጹን በእጁ ሸፍኖ በመካከል ያለችውን አንዲት ቃል ብቻ አሳያትና፥ «ይህችስ ምን ትላለች?» አላት። ልጅቱ ዝም አለች። ሌላ ቃል ቢያሳያትም ገጹን ከመጀመሪያው በቃሏ እየዠመረች እስከዚያ ለመድረስ ሞከረች እንጂ ቃሉን አላወቀችውም።

«ጋሼ፥ አዩ?» አለ መምህሩ። «ይህች ልጅ መጽሐፉን ሰምታ ይዛዋለች እንጂ አላነበበችውም። ወንድሟም በእርሷ ዕድሜ እንደዚሁ አልፎ ይሆናል። እርሱን በጐበዝ ልጅ አጠገብ ባስቀምጠው፥ ለማለፍ ያልፍ ይሆናል። በ9ኛ ክፍል ግን መጽሐፉን ማን ያነብለታል? በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ በሚሰጠው ፈተናስ ከማን ጋራ ይቀመጣል?»

አባትየው ራሱን ነቀነቀና፥ «እኔ ያልተማርሁ ሰው ነኝ፤ ታዲያ ምን ላድርግ? መጽሐፉን ቢዘቀዝቁት እንኳ አላውቀውም» አለ።

«አለመማርዎ አይከለክልዎትም» አለ መምህሩ። «ማታ ማታ እሳት ዳር ስትቀመጡ ከገጹ ላይ አንዲት ቃል በጣትዎ ያሳዩዋት፤ ምን እንደምትል ትንገርዎ። ከቃሉ በታች በከሰል ትንሽ ነጥብ ያድርጉበት። ሌሎች ቃሎች ካሳዩዋት በኋላ ወደዚያችው ቃል ይመለሱ። ያንኑ ካለችዎ ታነባለች፤ ሌላ ካለችዎ ገና ነች። ያላወቀቻቸውንም ነጥብ ጠዋት ወደ እኔ ትላካቸው፤ እኔ አስተምራታለሁ።»

አባትየውም እንዲሁ አደረገ። የታላቅየው ልጅ ማርክ በዚያ ዓመት አልዳነም፤ ክፍሉን ደገመ። የታናሽየዋ መጽሐፍ ግን በከሰል ነጥብ ተሞላ፤ በሚከተለውም ዓመት ያላነበበችውን አዲስ ገጽ ገልጣ ለአባቷ ታሪኩን በሀዲይሳ አነበበችለት። አባትየው ታሪኩን ከመጽሐፍ ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ስለ ተሰረቀ ማርክ

ይህ አባት ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለልጁ የሚያስብ ሰው ነበር። ነገር ግን የተሰረቀ ማርክ የሚጐዳው አስቀድሞ የራሱን ልጅ ነው። ደካማ መሆኑ ያልታወቀለት በሽተኛ መድኀኒት እንደማይሰጠው፥ ማርኩ በመኮረጅ የተሸፈነለት ልጅም የሚረዳው አያገኝም። መምህሩም፥ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱም፥ ክልሉም ደኅና ነው ብለው ያልፉታል። ሁለተኛም፥ ሳይሰርቅ የተፈተነውን ጐረቤቱን ይበድላል። ሦስተኛም፥ ልጁ ከትምህርት ቤት የሚማረው ትልቁ ትምህርት ማታለል ይሆናል።

ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄዳቸው የታወቀ ነው። ከእነርሱም ገንዘብ ልከው ለወላጆቻቸው ቤት የሠሩ አሉ፤ በመንገድ የቀሩም አሉ። በ2012 ዓ. ም. በመጋቢት ወር በሞዛምቢክ አገር በቴቴ በኩል በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ስደተኞች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን እንደ ሆኑም ተነገረ። ሰው የሚሰደድበት ምክንያት ብዙ ነው፤ የመሬት ጥበትና የሥራ ማጣትም ከዚያ ውስጥ ናቸው፤ ሁሉንም በፈተና ላይ መጫን እውነት አይደለም። ነገር ግን በ6ኛ ወይም በ8ኛ ክፍል ወድቆ፥ አንተ ለትምህርት አልተፈጠርህም የተባለ ልጅ፥ ደላላው በሚመጣበት ጊዜ የሚመልስለት ቃል የለውም። ልጁ ግን ለትምህርት አልተፈጠረም አይባልም፤ በ2ኛ ክፍል የሚሰማው ሰው አላገኘም እንጂ።

ሊደረግ ስለሚገባው

ወላጅ ሁሉ፥ የተማረም ያልተማረም፥ ልጁን በየማታው ለጥቂት ጊዜ ሲያነብ ይስማው። አያት የላቲኑን ፊደል ባታውቀው ቋንቋውን ከልጁ ይልቅ ታውቀዋለችና፥ ልጁ ያነበበው ቃል ትክክል መሆኑን በጆሮዋ ትፈርዳለች። በሀዲይሳ የማይባል ነገር ካነበበ፥ እንዲህ አይባልም፥ እንደገና አንብበው ትበለው። ይህ ታላቅ ርዳታ ነው። ልጅን በገበያ ቀን ከትምህርት ማስቀረትም የአንድ ቀን ጕዳት ብቻ አይደለም፤ በሳምንት አንድ ቀን የሚቀር ልጅ ከአምስት ዓመት አንዱን አልተማረም ማለት ነው።

የ1ኛና የ2ኛ ክፍል መምህር በትምህርት ቤቱ ካሉት መምህራን የታወቀ ብርቱ ይሁን። በብዙ ቦታ የተሻለው መምህር ለ8ኛ ክፍል ይሰጣል፤ አዲሱና ልምድ የሌለው ለ1ኛ ክፍል ይመደባል። ይህም ችግኙን ትቶ የሚፋቀውን እንሰት በፍግ እንደ መቅበር ያለ ነው። በየወሩም መምህሩ እያንዳንዱን ልጅ ብቻውን ጠርቶ አንዲት ያልለመዳትን ገጽ ያስነብበው። ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል ይህ ይከብዳል፤ ነገር ግን በቀን ሦስት ልጅ ቢሰማ ሃያ የትምህርት ቀን ባለው ወር ሁሉንም ይጨርሳል።

የወላጅ፥ የተማሪና የመምህራን ኅብረት ደግሞ በየዓመቱ በሚያደርገው ስብሰባ፥ ከፈተናው ውጤት ጋራ አንድ ሌላ ቍጥር እንዲነገረው ይጠይቅ፤ ይኸውም 2ኛ ክፍልን ከጨረሱት ልጆች አዲስ ገጽ ማንበብ የቻሉት ስንቱ ናቸው የሚል ነው። ይህን ቍጥር ለማግኘት ከክልል የሚመጣ ፈታኝ አያስፈልግም፤ አንድ መጽሐፍና አንድ የሚሰማ ሰው ይበቃል። ቍጥሩም ዝቅ ቢል ገና ስድስት ዓመት አለና ይታረማል። የ8ኛ ክፍል ማርክ ዝቅ ብሎ ከታየ ግን ለመታረሚያው የቀረው ጊዜ ጥቂት ነው።

ዘንድሮ የወደቀውም ልጅ ቢሆን ሊጣል አይገባውም። ክፍሉን የሚደግም ልጅ ያንኑ መጽሐፍ ያንኑ በመሰለ አኳኋን ቢደግመው ያንኑ ማርክ ያገኛል። ስለዚህ መምህሩ አስቀድሞ ከ8ኛ ክፍል መጽሐፍ ሳይሆን ከ3ኛ ወይም ከ4ኛ ክፍል መጽሐፍ አንድ ገጽ ያስነብበው፤ የሚሰናከልበትን ክፍል አግኝቶም ከዚያ ይዠምርለት። ልጁ እንዳያፍር ይህ ከባልንጀሮቹ ፊት አይደረግበት። አባቱም በሬውን ለመሸጥ ከመቸኰሉ በፊት ይህን አንድ ዓመት ይስጠው።

መስከረም ሲጠባ በየመንደሩ አዲስ ልጆች አዲስ ደብተር ይዘው ወደ 1ኛ ክፍል ይገባሉ። የእነዚያ ልጆች የ8ኛ ክፍል ማርክ ገና አልተጻፈም፤ የሚጻፈው ግን ከዚያው ከመስከረም ጀምሮ ነው። እግዚአብሔር ለወላጆች ትዕግሥትን፥ ለመምህራንም ብርታትን ይስጥ።